ግሉተን ካቆማችሁ በኋላ ስኳሩ አልረጋ ሲል፦ ባሕር ዳር ላይ የመጀመሪያዎቹን ወራት እንዴት ማለፍ ይቻላል?

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሴሊያክም (በስንዴ፣ በገብስና በራይ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አንጀትን የሚያስጎዳበት ሕመም) እንዳለበት ተነግሮት ስንዴና ገብስ ሲተው፣ ሆዱ ሲሻለው ስኳሩም አብሮ የሚረጋ ይመስለዋል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አይሆኑም። ትናንት ከምሳ በኋላ 140 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) የነበረው ዛሬ በዚያው ምግብና በዚያው መርፌ 62 ይወርዳል። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ያው ምግብ 260 ያሳያል። ብዙዎች በዚህ ጊዜ ራሳቸውን ይወቅሳሉ፤ ቤተሰብም «ደብቀህ በልተህ ነው» ይላል። ጥፋቱ የሰውየው አይደለም። እየተለወጠ ያለው አንጀቱ ነው።

ይህ ጽሑፍ በዋናነት ኢንሱሊን ለሚወጉና እነሱን ለሚንከባከቡ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ነው። አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይቅደም፦ በምርመራ ሳይረጋገጥ በግምት ብቻ ግሉተን አታቁሙ። የሴሊያክ የደም ምርመራም ሆነ ከትንሹ አንጀት የሚወሰደው ናሙና የሚታመነው ሰውየው ግሉተን እየበላ ሳለ ሲሠራ ነው። ቀድሞ ያቆመ ሰው በሽታው እያለበት «የለብህም» ሊባል ይችላል።

ስኳሩን የሚያናውጠው ምንድን ነው?

በትንሹ አንጀት ውስጠኛ ገጽ ላይ የምግቡን ንጥረ ነገር ወደ ደም የሚያሳልፉ ጣት መሰል ጥቃቅን አካላት አሉ። ሴሊያክ ያለበት ሰው ስንዴ፣ ገብስ ወይም ራይ ሲበላ ሰውነቱ የራሱን አንጀት ያጠቃል፤ እነዚህ ጥቃቅን አካላትም ተጎድተው ይከስማሉ። ያኔ የበላው እንጀራ ስኳር ወደ ደም የሚገባው ዘግይቶና ተቆራርጦ ነው። የተወጋው ኢንሱሊን ግን ምግቡን አይጠብቅም። ለዚህ ነው ሰው ጠግቦ ከማዕድ ተነስቶ ላብ የሚያጠምቀውና የሚንቀጠቀጠው።

ግሉተን ሲቆም አንጀቱ መዳን ይጀምራል። ሕመሙ በሳምንታት ሊቀል ይችላል፤ ሙሉ ጥገናው ግን ወራት፣ በአዋቂዎች ላይ አንዳንዴ ከዓመት በላይ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ከምግቡ ወደ ደም የሚገባው ስኳር እየጨመረ፣ የከሳውም ሰው ክብደቱ እየተመለሰ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ በዝቶ ስኳር ያወርድ የነበረው የኢንሱሊን መጠን ቆይቶ ያንሳል። የኢንሱሊን ፍላጎት መጨመሩ ስኳሩ እየባሰ የመጣ ያስመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የመዳን ምልክት ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይደረባሉ። ዳቦና ፓስታ በነጭ ሩዝ፣ በበቆሎ ዱቄትና በድንች ሲተኩ አሰሩ ያንስና ስኳሩ ቶሎ ይወጣል። ሁለተኛው ሳይታወቅ የሚገባው ግሉተን ነው፤ የሚያገግመውን አንጀት እየመለሰ ይጎዳል። አንጀቱን ማዘዝ ስለማይቻል፣ በእጃችሁ ያለውን ሌላውን ሁሉ አጽኑት፦ አንድ ዓይነት እንጀራ፣ የታወቀ መጠን፣ የታወቀ ሰዓት። ያኔ ቁጥሩ ሲዘል ምክንያቱን ማግኘት ይቻላል።

እንጀራውን ማስተካከል

ጤፍ ግሉተን የለውም። ዳጉሳ፣ ማሽላ፣ በቆሎና የፎገራ ሩዝም የላቸውም። ችግሩ ያለው ከገበያ እስከ ሞሰብ ባለው መንገድ ላይ ነው።

ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ዱቄትና የጉሊት እንጀራ ምን እንደተቀላቀለበት በዓይን አይለይም። ጤፍ ሲወደድ ገብስ ወይም ስንዴ ሊገባበት ይችላል። ስለዚህ እህሉን ራሱን ግዙ። ጤፉ በተወቃበት አውድማ ወይም በተጫነበት ጆንያ ስንዴና ገብስ ነክቶት ሊሆን ስለሚችል በደቂቅ ወንፊት ንፉት። የጤፍ ፍሬ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ያልፋል፤ ስንዴውና ገብሱ ከላይ ይቀራል። ይህን ሥራ በዳጉሳም ላይ መሥራት ይቻላል። በበቆሎና በሩዝ ላይ ግን በእጅ መልቀም ያስፈልጋል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ወፍጮ ቤቱ ነው። ከእናንተ በፊት የገባው ሰው ስንዴ አስፈጭቶ ከሄደ፣ በድንጋዩና በመውረጃው ውስጥ የቀረው ዱቄት በእናንተ ጤፍ ውስጥ ይወጣል። ጠዋት ቀድሞ መድረስም ብቻውን አይበቃም፤ የትናንቱ ቅሪት እዚያው ነው ያደረው። የሚሻለው ለጤፍ ብቻ የተለየ ድንጋይ ያለው ወፍጮ መፈለግ ነው። ከሌለ ከጤፋችሁ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ በቆሎ ወይም ዳጉሳ ራሳችሁ አስፈጩና ያንን ዱቄት ለብቻው ያዙት። ቤት ውስጥ ግሉተን ለሚበሉት ይሆናል፤ ለታማሚው አይሆንም። ይህ ቅሪቱን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋም። ስለዚህ በወር አራት ጊዜ በትንሽ በትንሹ ከማስፈጨት አንዴ በርከት አድርጎ ማስፈጨት ይመረጣል። ለሽሮና ለበርበሬም ሕጉ ያው ነው፤ ሽምብራና አተር ንጹሕ ቢሆኑም የተፈጩበት ድንጋይ ላይሆን ይችላል።

ቀጥሎ እርሾው። ስንዴ ወይም ገብስ ከገባበት ሊጥ የቆየ እርሾ ይደፋ። ከጎረቤት መበደርም ይቅር። አዲሱ ንጹሕ ጤፍ ያለ እርሾ ሲቦካ ሦስት አራት ቀን ሊወስድ ይችላል፤ የመጀመሪያው እንጀራ ዓይኑ ባያምር አትዘኑ። ከእሱ የሚቀረው እርሾ ቀጣዩን ሊጥ ያፈጥነዋል። ቡሃቃው፣ ወንፊቱ፣ የምጣዱ ማሰሻ ጨርቅ፣ ሰፌዱና ሞሰቡ የተለዩ ይሁኑ። እንጨት፣ ሸክላና ስፌት ዱቄት በስንጥቃቸው ስለሚይዙ ታጥበው አይጠሩም። ምጣዱን መጋራት ግድ ከሆነ በደንብ ይጠረግና የታማሚው እንጀራ ይቅደም፤ አምባሻውና ድፎው ከኋላ ይጋገር።

«ጤፍ ስኳር አይጨምርም» የሚለው አባባል ብዙ ሰው ይጎዳል። ጤፍ ግሉተን የለውም እንጂ ስኳር አለው። 100 ግራም እንጀራ ወደ 30 ግራም የሚጠጋ ካርቦሃይድሬት ይይዛል። 400 ግራም የሚመዝን አንድ ሙሉ እንጀራ ወደ 120 ግራም ይሆናል፤ ሩቡ 30። እንጀራ እንደ ጋጋሪዋ እጅ ስስም ወፍራምም ስለሚሆን፣ በተጋገረ ቁጥር አንዱን መዝኑና በአራት ቁረጡት። ከዚያ በኋላ በመብል ሰዓት የሚቆጠረው ሩብ ነው። ከጋራ ትሪ እየተቆረሰ ሲበላ መጠኑን ማንም አያውቀውም፤ ስለዚህ ለተወሰኑ ወራት የታማሚው ድርሻ ለብቻው በሳህን ይቀመጥ። ለሚያጎርሱ ዘመዶች ይህን ማስረዳት ሊከብድ ይችላል፤ ቢሆንም ይነገራቸው። ለንጽጽር፦ 100 ግራም የበሰለ ሩዝ 28 ግራም ገደማ፣ 100 ግራም የተቀቀለ ድንች ከ17 እስከ 20 ግራም፣ አንድ መካከለኛ ሙዝ ወደ 25 ግራም ካርቦሃይድሬት አለው።

እንጀራው እንዲነጣ ሩዝ ከተጨመረበት ግሉተን አይገባበትም፤ ስኳሩ ግን ይፈጥናል። ዳጉሳ ሲጨመር አሰሩ ይበዛል። የመረጣችሁት ቅይጥ የትኛውም ይሁን፣ አንዱን ይዛችሁ ቆዩ። በየሳምንቱ ቅይጡን የሚለውጥ ቤት የመርፌውን መጠን መቼም አያገኘውም።

ከእንጀራው ጎን የሚቀርበውም ይታሰብበት። ስኳሩ ከምግብ በኋላ ወዲያው የሚወርድበት የመጀመሪያው ጊዜ ላይ ከሆናችሁ እንጀራውን አታዘግዩት፣ ቅባት አታብዙ። አንጀቱ ሲሻለውና ስኳሩ ከፍ ማለት ሲጀምር ደግሞ በጎመን፣ በምስር ወይም በዓሣ ጀምሮ እንጀራውን ማስከተል ጭማሪውን ያለዝበዋል።

ለመክሰስ የጎጃም ግብጦ ጥሩ ነው፤ ፕሮቲኑና አሰሩ ብዙ፣ ስኳሩ ጥቂት። ምሬቱ ራሱ መርዛማ ነገር ስላለው፣ ቆልቶ በየጊዜው በሚቀየር ውኃ ለቀናት ዘፍዝፎ ምሬቱ እስኪጠፋ መጠበቅ የግድ ነው። ወተት ሆድ የሚነፋ ከሆነ አትደንግጡ። የወተትን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም የሚገኘው በተጎዱት ጥቃቅን አካላት ላይ ስለሆነ አንጀቱ ሲያገግም ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ እስከዚያው እርጎ ይቀላል።

በጥቂት ስትሪፕ ብዙ ማወቅ

በዚህ ወቅት ከእያንዳንዱ ምግብ በፊት፣ ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላና በመኝታ ሰዓት መለካት ነበር ተገቢው። ስትሪፕ (የስኳር መለኪያው ወረቀት) ግን ውድ ነው፤ አንዳንዴም ይጠፋል። በቀን ሦስት ብቻ ካላችሁ በጥንድ ተጠቀሙባቸው። የመጀመሪያው ቀን ከቁርስ በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ሁለተኛው ቀን በምሳ፣ ሦስተኛው ቀን በራት፣ ከዚያ እንደገና ከቁርስ። ሦስተኛዋ ስትሪፕ ለመኝታ ሰዓት ትቀመጥ። የተለያየ ሰዓት ላይ በነጠላ ከተለካ ቁጥር ይልቅ በአንድ ምግብ ዙሪያ የተለካ ጥንድ ብዙ ይናገራል። ምልክት ሲሰማችሁ የምትለኩባቸው ጥቂት ስትሪፖችም ለብቻ ይቀመጡ።

ደብተሩ ላይ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። ሰዓቱ፣ የተወጋው ዩኒት፣ ስንት ሩብ እንጀራ እንደተበላ፣ ሆድ እንዴት እንደዋለ፣ ብስክሌት መነዳቱ ወይም ብዙ መሄዱ በአንድ መስመር ይጻፍ። ሐኪሙ መጠን የሚያስተካክለው በዚህ ነው።

ማንጎ ወይም ማር የነካ ጣት የሐሰት ከፍታ ያሳያል፤ እጅ በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ። የስትሪፕ ብልቃጥ በክረምቱ እርጥበት ክፍት ከቆየ ቁጥሩ አይታመንም።

ለአብዛኞቹ አዋቂዎች የሚፈለገው ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130፣ ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ ከ180 በታች ነው። ስኳሩ በተደጋጋሚ በሚወድቅበት ወቅት ግን ሐኪሙ ግቡን ለጊዜው ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ይህን ጠይቁ።

የመርፌው ሰዓትና መጠን

ጥርት ያለው ሬጉላር ኢንሱሊን ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ይወጋል፤ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል፤ ከአምስት እስከ ስምንት ሰዓት ይሠራል። ደመናማው ኤን ፒ ኤች ከተወጋ ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ ይበረታል። እነዚህን ሰዓታት ማወቅ ስኳሩ የወደቀው በየትኛው መርፌ እንደሆነ ለመለየት ይረዳል። ስኳሩ ምግብ በተበላ በአንድ ሰዓት ውስጥ እየወደቀ ካስቸገረ፣ ሬጉላሩን ወደ ምግቡ አስጠግቶ መውጋት ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ሐይቁ ዳር ዓሣ አዝዛችሁ ከሆነ ደግሞ ሳህኑ ፊታችሁ ሳይቀርብ አትወጉ፤ ምግቡ ዘገየ ማለት መርፌው ምግቡን ቀደመ ማለት ነው።

በአንድ ከፍ ያለ ቁጥር መጠን አትቀይሩ። በዚያው ሰዓት ሦስት ቀን በአንድ አቅጣጫ ከሄደ ነው ለውጥ የሚያስፈልገው። ያለ ምክንያት ከ70 በታች መውረድ ግን ሦስት ቀን አይጠበቅበትም፤ በዚያው ቀን ክትትል ለምታደርጉበት ክፍል አሳውቁ። የተለመደው ማስተካከያ 10 በመቶ ያህል ነው፤ ማለትም 20 ዩኒት የሚወጋ ሰው 2 ዩኒት። መቼና በስንት እንደምትቀንሱ አስቀድማችሁ በወረቀት አስጽፉ። ሌላው የተለመደ አደጋ ከፍ ያለ ቁጥር አይቶ በሁለት ሰዓት ልዩነት ሌላ ሬጉላር መድገም ነው። የመጀመሪያው ገና ሥራውን አልጨረሰም፤ ሁለቱ ተደራርበው ሌሊት ይጥላሉ።

የማታው ኤን ፒ ኤች ኃይሉ እኩለ ሌሊትን ተሻግሮ ስለሚሰማ፣ መጠን በተጨመረ ቁጥር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አንዴ ለኩ። የላበው አንሶላ፣ ቅዠትና የጠዋት ራስ ምታት ሌሊት ስኳር እንደወረደ ይጠቁማሉ።

ክኒን የሚወስዱም አያምልጣቸው፤ ግሊቤንክላሚድ ልክ እንደ ኢንሱሊን ስኳር ይጥላል። ሜትፎርሚን ደግሞ ሆድ ሊያበላሽ ስለሚችል ተቅማጡ የግሉተን ነው ተብሎ በከንቱ ምግብ ይጣራል።

መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የባሕር ዳር ሙቀት ኢንሱሊኑንም ያዳክማል። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሆነ ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል፤ ከማቀዝቀዣው ግድግዳ ይራቅ፣ በረዶ የያዘው ይጣላል። ፍሪጅ ከሌለ ትንሽ ማሰሮ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ አስገብታችሁ መሃሉን በእርጥብ አሸዋ ሙሉት፣ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከውስጥ አኑሩት፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ሥር ይቀመጥ። ይህ ዘዴ በደረቁ ወራት በደንብ ይሠራል፤ በክረምቱ እርጥበት ግን ማቀዝቀዙ ይቀንሳል። የተከፈተ ብልቃጥ ላይ ቀኑን ጻፉና በ28 ቀን ቀይሩ።

ስኳር ሲወርድ

ከ70 በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያ ሳይኖር ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም ግራ መጋባት ከመጣ ወዲያው 15 ግራም ፈጣን ስኳር ይወሰድ፦ ሞላ ያሉ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ ተበጥብጦ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ወይም 150 ሚሊ ሊትር ስኳር ያለው ለስላሳ። 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ለኩ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ድገሙት። ከተነሳ በኋላ ቀጣዩ ምግብ ከአንድ ሰዓት በላይ ከራቀ ሩብ እንጀራ በሽሮ ወይም ቤት የተቆላ ሽምብራ ይበላ። በገበያው ቆሎ ገብስ ይቀላቀልበታል።

ቤተሰብና ጎረቤት ይህን ይወቁ፦ በዚህ ሰዓት በሶ አይበጠበጥ፣ ብስኩትና ዳቦ አይቅረብ። ግሉተን ናቸው፤ ደግሞም ይዘገያሉ። ሰውየው ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም አይጨመር፤ ያንቀዋል። በጎኑ አስተኝታችሁ ግሉካጎን (የወረደ ስኳር የሚያነሳ መርፌ) ካለ ውጉ፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ዘጌ ወይም ገዳማቱ ዘንድ በጀልባ ሲኬድ ስኳሩ በኪስ ይሁን፤ ጀልባው ይዘገያል፣ መንገዱም ዳገት አለው።

ግሉተን ሳይታወቅ ከገባ

ሆድ ቁርጠት፣ ማስመለስና ተቅማጥ በሰዓታት ውስጥ ሊመጡ ይችላሉ፤ ስኳሩም ለቀናት ይናወጣል። በየሁለት እስከ አራት ሰዓት ለኩ። የምግብ ሰዓቱን ኢንሱሊን ሐኪሙ በጻፈላችሁ መሠረት ቀንሱ፤ ደመናማውን ግን ምግብ አልበላሁም ብላችሁ ጨርሳችሁ አታቋርጡ። ውኃ ጠጡ፤ ተቅማጥ ካለ ኦ አር ኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ ጨውና ስኳር) ጥሩ ነው፣ በሊትር 13.5 ግራም ግሉኮስ እንዳለው ግን አስቡ።

ማስመለስንና የሆድ ሕመምን ሁሉ በግሉተን ማሳበብ ለሕይወት ያሰጋል። ስኳሩ ከ250 በላይ ሆኖ የሚያስመልስ፣ በጥልቀትና በፍጥነት የሚተነፍስ፣ አፉ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ሽታ ያለው ሰው ደሙ በኬቶን እየተመረዘ ሊሆን ይችላልና በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ስኳሩ ዝቅ ብሎ ምንም የማይረጋለት፣ የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስም እንዲሁ።

ከቤት ውጭ፣ ጾምና ድግስ

የጣና ቀረሶና አምባዛ በራሳቸው ንጹሕ ናቸው፤ ሲጠበሱ ግን ዱቄት ይነሰነስባቸዋል፣ ዘይቱም ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ የተጠበሰበት ይሆናል። ዓሣ ወጥ ወይም ያለ ዱቄት በፍም የተጠበሰ እዘዙ፤ እንጀራውን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ጠላና ቢራ የገብስ ብቅል ስላለባቸው አይሆኑም። የዳጉሳ ጠላ ነው ቢባልም ብቅሉ ከምን እንደሆነ ይጠየቅ። ጠጅ ግሉተን የለውም፤ ማሩ መጀመሪያ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ አልኮሉ ደግሞ ጉበት ስኳር እንዳይለቅ ስለሚከለክል ሌሊት ይጥላል። ለታመመ ሰው የሚሠራው አጥሚትም ከአጃ ወይም ከገብስ ስለሆነ በጤፍ ወይም በሩዝ ይተካ። ገንፎው ከበቆሎ ወይም ከዳጉሳ ያምራል።

የጾም ምግብ ለዚህ አመጋገብ ይመቻል፤ ወፍጮው ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ሁሉ ከግሉተን ነጻ ነው። አደጋው ሰዓቱ ላይ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት የተወጋ ኤን ፒ ኤች የሚበረታው ከ5 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ እስከ 9 ሰዓት መጾም በትክክል እዚያ ላይ ይወድቃል። ረመዳን ለሚጾሙም ችግሩ ተመሳሳይ ነው። ስኳራችሁ ገና ባልረጋበት በዚህ ዓመት ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከሃይማኖት መምህራችሁ ጋር ሁኔታውን ገልጻችሁ ተነጋገሩ። ቅዱስ ቁርባኑም ከስንዴ የሚዘጋጅ ስለሆነ ይህንኑ ለንስሐ አባት ማሳወቅ ይገባል።

ቀጠሮ ላይ የሚጠየቅ

ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ክትትል ያላችሁ ሰዎች ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ። የሴሊያኩ ጸረ እንግዳ አካል መጠን በየጊዜው እየቀነሰ መሄድ አለበት፤ ካልቀነሰ ከአንድ ቦታ ግሉተን እየገባ ነውና ወፍጮውንና እርሾውን እንደገና መርምሩ። ብረት፣ ቫይታሚን ቢ12፣ ፎሌትና ቫይታሚን ዲ ይታዩ። የታይሮይድ ሕመም ከሁለቱ ጋር ስለሚዛመድና የስኳሩንም ሁኔታ ስለሚለውጥ እሱም ይመርመር።

የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየውን ኤችቢኤዋንሲ በተመለከተ አንድ ጥንቃቄ አለ። በብረት እጥረት ደም ማነስ ያለበት ሰው ውጤቱ ከእውነተኛው በላይ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ሴሊያክ ያለባቸው ብዙዎች ደግሞ ብረታቸው ዝቅተኛ ነው። ውጤቱ ከደብተራችሁ ቁጥሮች ጋር ካልተስማማ፣ መርፌው ከመጨመሩ በፊት የደም ማነስ ምርመራ እንዲደረግላችሁ ጠይቁ።